ኦጎላን በብዕር የገደለችው ሴት

ስምን መልአክ ያወጣዋል ያለ ሰው የሐይቅ ዳሯን መንደር ኛንዱሳን አላየም። ኛንዱሳ ስም የሚያወጣው ለቅሶ ነው። ሕፃን አልቅሶ አልቅሶ አልበቃ ሲለው፣ ጡት ሲሰጡት ሲገፋ፣ ሲያዝሉት ሲንፈራገጥ፣ ከቤቱ ሙታን አንዱ ስሙን ፈልጎ መጥቷል ማለት ነው። አያት አጠገቡ ትቀመጥና የሞቱትን አንድ በአንድ ትጠራለታለች። ሲጠሩት ዝም ያለበት ስም፣ የወንድም ሆነ የሴት፣ ያ ስሙ ነው። ይኼን ነገር ከወዲሁ ያዙልኝ፤ አጅዋንግን ነፍሰ ገዳይ ያሰኛት እሱ ነውና።

አጅዋንግ የጤና በጎ ፈቃደኛ ናት። ጤናው ከጉልበቷ ጀምሮ ከድቷታል፣ በጎ ፈቃዱም ከስድስት ዓመት በፊት አልቋል፣ የቀረው መጠሪያው ብቻ ነው ይላል ባሏ ኦዲፖ። አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ያንኑ ሰማያዊ ሰደርያ ለብሳ መቶ ስድስት ቤት ስትዞር ኖራለች። ጀርባው ላይ የነበረው ጽሕፈት ታጥቦ ታጥቦ ስለጠፋ፣ አዲስ የመጡ ምራቶች ሳሙና ሻጭ እየመሰለቻቸው "ዛሬ አንፈልግም" ይሏታል።

የምትዞረው ለሁሉም ዓይነት በሽታ ነው፤ ልቧ ያለው ግን የማጭድ ደም የሚሉት ሕመም ያለባቸው ልጆች ዘንድ ነው። የነዚህ ልጆች ደም እንደ ሌላው ሰው ክብ መሆኑን ትቶ እንደ ማጭድ ይቆለመማል፤ ተቆልምሞም በየጠባቡ ሥር ይሰነቀርና አጥንት ያስጮኻል። አይድንም፤ ይያዛል እንጂ። መያዣው ደግሞ በየቀኑ ነው፤ ለዚህ ነው አድካሚነቱ። አጅዋንግ ለየእናቱ የምትለውን ኛንዱሳ በቃሉ ያውቀዋል፤ ልጆች ሳይቀሩ ድምፅዋን አስመስለው ይጫወቱበታል። "ውኃ አጠጪው። ዝናብ አታስመቺው። ክኒኑን አንድም ቀን አታቋርጪ። በግራ ጎኑ ከጎድን አጥንቱ ሥር ጣፊያውን ዳብሺ፤ ካበጠ ወደ ክሊኒክ። ትኩሳት ካየሽ አትጸልዪ! ማለት ጸልዪ፤ ግን እየሮጥሽ ጸልዪ።"

"አንቺ የሰው ልጅ ጣፊያ ስትዳብሺ፣ የኔ ሆድ ባዶውን ያድራል" ይላታል ኦዲፖ።

"ና ልዳብስህ፤ ካበጠ ግን ክሊኒክ ነው የምወስድህ፣ ማጀት አይደለም" ትለዋለች።

አጅዋንግ ማለት "የተጣለች" ማለት ነው። ከሷ በፊት የተወለዱት ሦስት ወንድሞቿ እጃቸውና እግራቸው እያበጠ፣ እየጮኹ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው ሄደዋል። እሷ ስትወለድ እናቷ አውጥታ መንገድ ዳር ጣለቻት፤ አስቀድማ የተነገራት አንዲት አሮጊትም በአጋጣሚ እንዳገኘ ሰው "ውይ! ማነው ሕፃን የጣለ?" እያለች አነሳቻት። ሞትን ለማታለል ነው፤ የተጣለ ነገር ማን ይሰርቃል? ሞት ተታለለም አልተታለለም፣ አጅዋንግ ይኸው አርባ አራት ሞላት። በሥልጠናው ጊዜ አስተማሪው ሕመሙ ከአባትም ከእናትም ወገን ሲገናኝ እንዴት እንደሚወለድ ሰሌዳው ላይ ክብ ክብ እየሠራ ሲያስረዳ፣ ሌሎቹ ሲጽፉ እሷ ብዕሯን አስቀመጠች። ሰሌዳው ላይ የታያት ክብ ሳይሆን እናቷ ግቢ ያሉት ሦስት ትንንሽ ጉብታዎች ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ የራሷ የሆነ አሠራር አወጣች። ቤት ገብታ መጀመሪያ የምትጠይቀው የልጅ ስም ነው። "የተጣለ"፣ "የተደበቀች" የሚባል ልጅ ካለበት ቤት፣ ከዚያ ልጅ በፊት የሞቱ አሉ ማለት ነው፤ ወዲያው ደም አስመርምሩ ትላለች። በዚህ ዘዴ አሥራ አንድ ልጆች ቶሎ አግኝታለች። በስም ላይ ያላት እምነት ትልቅ ነበር። ስሙ ግን አንድ ቀን ጉድ ሠራት።

ባለፈው ነሐሴ ከወንዙ ማዶ ያለውን ሰፈር የምትሠራው ፌልጎና ባሏን ተከትላ ከተማ ገባች። ኃላፊዎቹ "ሌላ ሰው እስኪገኝ" ብለው ማዶውን ለአጅዋንግ ጨመሩላት፤ ዘጠና አምስት ቤት። "እስኪገኝ" የምትለው ቃል በመሥሪያ ቤት አፍ ምን ያህል ረጅም ዕድሜ እንዳላት የሚያውቅ ያውቃል።

ፌልጎና ትታላት በሄደችው ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነበር፤ "የዶርሲላ ቤት፤ የማጭድ ደም ያለባቸው አራት ሕፃናት፤ አዴሮ፣ ኛሱና፣ ኦጎላ፣ አቦኞ። ሁሉም አንድ ጊዜ መጥተው ጠፍተዋል።" ክሊኒኩ በሙሉ ያቺን ቤት ያዝንላት ነበር። አሮጊቷ ዶርሲላ አምስት የተዳሩ ወንዶች ልጆች ስላሏት፣ አራት ምራቶች አራት ሕሙማን ወለዱላት ቢባል የተጠራጠረ ሰው አልነበረም። ሰው በበዛበት ቤት ልጅ የሚቆጥር የለም።

አጅዋንግ መስከረም ላይ መጀመሪያ ስትሄድ በቅንጭብ የታጠረው ግቢ ውስጥ ሰው የለም። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከአጥሩ ማዶ ጎረቤትዬው አባባ ኦዱንዶ ወንበሩን ማንጎ ጥላ ሥር ጥሎ፣ ከጠዋት ጀምሮ የጠጣው ነገር ዐይኑን ግማሽ ዘግቶለት ተቀምጧል።

"አባባ፣ እዚህ ቤት ኦጎላ የሚባል አለ?"

"ኦጎላ?" አለ ኦዱንዶ። "ኦጎላማ ሞቷል። ይኼው በዚህ እጄ ነው የቀበርኩት።"

አጅዋንግ ደረቷን ይዛ ቆመች። መግባት ነበረባት። መቃብሩን ማየት፣ መቼ ሞተ፣ በምን ሞተ ብሎ መጠየቅ ነበረባት። ግን ያን ቀን አሥራ ዘጠነኛ ቤቷ ነበር፤ ጫማዋ ውስጥ የገባው ጠጠር ደግሞ ከአሥራ አንደኛው ቤት ጀምሮ አብሯት አለ። መዝገቧን አውጥታ አጥሩ ላይ ተደግፋ ጻፈች፤ "ኦጎላ፣ ሞቷል። መረጃው የተገኘው ከጎረቤት።" አንድ መስመር ተዘጋ። ነውር ነው፤ ግን ትንሽ ቀለላት።

ሁለተኛ ስትሄድ የዶርሲላን የመጨረሻ ምራት ሊኔትን በር ላይ አገኘቻት፤ ልጅ አዝላ ወደ ሐይቁ ዳር ልትወርድ ስትቻኮል። ትንሿን ዓሣ፣ ኦሜናን፣ እያሰጣች ነው የምትኖረው፤ ባሏ ደሴት ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው።

"አዴሮ የምትባል ልጅ አለች?"

"የለችም እትዬ።"

"ወዴት ሄደች?"

ሊኔት ግራ ቀኝ አይታ "እንጃ፣ ሄዳለች" አለች። አጅዋንግ ጻፈች፤ "አዴሮ፣ ከሰፈር ለቃለች።"

ጥቅምት መጨረሻ ላይ የክሊኒኩ መዝገብ ቤት ሠራተኛ ኦቹዶ አስጠራት። ኦቹዶ ጽሕፈቱ እንደ ማተሚያ፣ ልቡም እንደ መዝገቡ በመስመር የተከፋፈለ ጎልማሳ ነው።

"እትዬ አጅዋንግ፣ ሕመሙ ቶሎ ቶሎ እንዳይነሣ የምታደርገው እንክብል መጥታለች። ለአርባ ልጆች ብቻ። ሠላሳ ዘጠኙ ሞልቷል። ባለፈው አንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ተነሥቶበት ካርዱ ላይ የተጻፈለት ልጅ ካለሽ አምጪ። ሐሙስ መዝገቡ ይዘጋል።"

"ከዶርሲላ ቤት…"

"እነሱ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የታመሙት። አንዱ ሞቷል፤ አንቺው ነሽ የጻፍሽው። አንዷ ለቃለች። ሌላ ፈልጊ።"

ሌላ አልነበራትም። ቢሆንም ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ኛሱናና አቦኞ የሚባሉት ቢያንስ ይታዩ ብላ ወንዙን ተሻገረች። ወደ ግቢው ስትጠጋ የሕፃን ጩኸት ሰማች። የማታውቀው ጩኸት አይደለም፤ የአጥንት ጩኸት ነው። ከጩኸቱ በላይ ደግሞ የአሮጊት ድምፅ።

"ኛሱና፣ ተመልሰሽ መጣሽ? …አይደለሽም። አዴሮ፣ አንቺ ነሽ? …አይደለችም። ኦጎላ፣ አንተ ነህ ወይ? …አቦኞ?"

አጅዋንግ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ሁለት ወር ሙሉ በፀሐይ በዝናብ የፈለገቻቸው አራት ልጆች፣ የሞተው ሳይቀር፣ በአንድ አፍ አንድ በአንድ እየተጠሩ ነው። ዘላ ገባች። ምንጣፍ ላይ አንዲት ልጅ ብቻ ተኝታለች፤ የሃያ ወር ልጅ፣ የእጇ ጀርባ እንደ እርሾ ዳቦ ተነፍቷል።

"እማማ ዶርሲላ! ልጆቹ የት አሉ?"

"አንቺ የኡዮማ ልጅ፣ ሰላምታሽን አገርሽ ረስተሽው ነው የመጣሽው?" አለች ዶርሲላ። ኛንዱሳ ሴት የምትጠራው በመጣችበት አገር ነው፤ ሠላሳ ዓመት ብትኖርም። "የቱ ልጆች?"

"የሚጠሯቸው!"

"የምጠራቸው ሙታን ናቸው። በዚህ ግቢ ሕፃን ያለችን አንዲት ናት፤ እሷም ይኸው ትጮኻለች።"

አጅዋንግ ምንጣፉ ዳር ተቀመጠች። የተመላለሰችበት መንገድ ሁሉ ተሰብስቦ መጥቶ ጉልበቷ ላይ ተቀመጠ። ግን መቀመጥ ብቻውን ጥቅም የለውም ብላ ሥራዋን ያዘች። የሥቃይ ማስታገሻ ሽሮፑን ሰጠቻት፤ ውኃ በማንኪያ፣ ማንኪያ በማንኪያ፤ በሞቀ ጨርቅ እጇን ጠቀለለች፤ ጣፊያዋን ዳበሰች። አላበጠም። ትኩሳትም የለም። ሊኔት ከሐይቁ ስትመለስ አጅዋንግ ቀና ብላ አየቻት።

"አዴሮ የምትባል የለችም ብለሽኝ አልነበረም?"

"የለችማ እትዬ። ያን ቀን አቦኞ ነበረች።"

"ታዲያ አቦኞ ናት አትይኝም?"

"አልጠየቁኝም።" ወደ አማቷ አየችና ድምፅዋን ቀነሰች። "የተተወ ስም ከጠራን ይመለስባታል ይላሉ።"

እየቆየ ጩኸቱ ወደ ማቃሰት፣ ማቃሰቱ ወደ እንቅልፍ ተለወጠ። ዶርሲላ በኩራት እጇን አጣጠፈች።

"አየሽ? አቲጎ ስላት ነው ዝም ያለችው። የባሌ አያት ናት። ከዛሬ ጀምሮ አቲጎ ናት።"

"ዝም ያለችው መድኃኒቱ ሠርቶ ነው፣ እማማ።"

"መድኃኒቱንስ ማን አሠራው?"

አጅዋንግም መከራከር አልፈለገችም። ክርክር ጉልበት ይፈልጋል፤ ደግሞ ተጥላ በአሮጊት ከተነሣች ሴት አፍ "ስም ምን ያደርጋል" የሚል ነገር አይወጣም። ይልቅ የክሊኒክ ካርዶቹን አምጡልኝ አለች። ዶርሲላ ከቆርቆሮ ሣጥን አራቱን አወጣች። ዕድሜ በሚለው ቦታ ሁሉም ላይ "ከሁለት ዓመት በታች" የሚል ማኅተም ተመቷል፤ ያመጣው ሰው በሚለው ላይ "አያት"። ልጅቷ በየስሟ አዲስ እየተባለች አራት ጊዜ ጣቷ ለምርመራ ተወግቷል። አጅዋንግ ካርዶቹን በየቀናቸው ምንጣፉ ላይ ደረደረች። ክብደት፤ ስድስት ኪሎ ተኩል። ሰባት። ስምንት ከሩብ። ስምንት ተኩል። አራት ልጅ አልነበሩም፤ አንዲት ልጅ ነበረች፣ እያደገች።

ቀኖቹን ደግሞ ቆጠረች። የአምናው መስከረም ዓመት አልፎታል፤ ኅዳር፣ ሰኔ፣ ነሐሴ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ። አርባኛዋ ልጅ እፊቷ ተኝታ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች።

"እማማ፣ ለዚህች ልጅ በየቀኑ የምትዋጥ መድኃኒት አለች። ሕመሙን አታጠፋም፤ ጩኸቱን ግን ታራርቀዋለች። የምትሰጠው ግን አንድ ስም ላላት ልጅ ነው። አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው አይለውጡት። የክርስትና ስም የላትም?"

"ክርስትና አባቷ ከደሴት ሲመጣ ነው። ይመጣል እያልን ዓሣው ነው የሚመጣው። ደግሞ አንዱን ጽፌ ሌሎቹን ባባርር፣ ሲቆጡ አንቺ ታስታርቂኛለሽ?"

አጅዋንግ ወደ ካርዶቹ አጎነበሰች። "እርስዎ ስሙ ትክክል መሆኑን የሚያውቁት ዝም ስትል ነው አይደል? እንግዲህ እንቁጠር። አምና መስከረም በአዴሮ ስም ታመመች። ኛሱና አሏት፤ ሁለት ወር ሳትቆይ ኅዳር ላይ ጮኸች። ኦጎላ አሏት፤ እስከ ሰኔ ዝም አለች። አቦኞ አሏት፤ ነሐሴ ላይ ጮኸች፤ መልሰው አቦኞ አሏት፤ ዛሬም ጮኸች።"

ዶርሲላ በጣቷ ቆጠረች። እንደገና ቆጠረች። "ኦጎላ ሰባት ወር?"

"ሰባት ወር።"

"ያ ግትር የባሌ ወንድም! በቁሙም እንዲሁ ነበር። ጀልባ ላይ መሃሉን ይዞ ከተቀመጠ የሚያነሣው አልነበረም።" ትንሽ አሰበች። "ሰኔ ላይ ምን ሆኖ ጮኸ ታዲያ? …አወቅሁ! መቃብሩ ላይ ፍየል አስረን ነበር። ተቀይሞ ነው እንጂ ሊሄድ አልነበረም፤ እኛ ነን ቸኩለን የለወጥነው። በቃ፣ ኦጎላ ትሁን።"

ከአምስት ስም አሮጊቷ የመረጠችው አጅዋንግ በብዕሯ የቀበረችውን ነው።

በማግስቱ ረቡዕ ዶርሲላ የቤተ ክርስቲያኗን ነጭ ቀሚስ ለብሳ፣ ልጅቷን ታቅፋ ሞተር ላይ ወጣች፤ አጅዋንግ ከኋላ። ሦስቱም ክሊኒክ ሲደርሱ ኦቹዶ ካርዶቹን ተቀብሎ ክብደቱን አየ፣ ቀኑን አየ፣ ልጅቷን አየ። ሰውዬው ሞኝ አይደለም፤ ወዲያው ገባው። ግን መዝገቡን ሲገልጥ ብዕሩ ቆመ።

"ኦጎላ፤ ፆታ፣ ወንድ። ሁኔታ፣ ሞቷል። እትዬ አጅዋንግ፣ ይቺ ሴት ናት። ደግሞ ትተነፍሳለች።"

"አያለሁ።"

"ለሞተ ሰው መድኃኒት አልሰጥም። የሰኔው ሕመም የተጻፈው ደግሞ በኦጎላ ስም ነው፤ እሱ ከወጣ ሦስት አይሞላም። በአቲጎ እንጻፋት?"

"አቲጎ የትናንት ናት፤ አንድም ጊዜ አልታመመች" አለች አጅዋንግ። "ሞቷል ብዬ የጻፍኩት በስሕተት ነው ብዬ ልፈርም።"

"ይኼ ለበላይ ይሄዳል። ሳታዪ ጽፈሻል ማለት ነው። ሊያነሱሽ ይችላሉ።"

ሊያነሱሽ የሚለውን ስትሰማ አጅዋንግ ውስጧ የሆነ ነገር ደስ አለው፤ አልጋ ታያት። ወዲያው አፈረች። "ብዕሩን አምጣ" አለች።

እስካሁን ስታዳምጥ የነበረችው ዶርሲላ ግን ልጅቷን ከአንዱ ጉልበቷ ወደ ሌላው አዛወረች።

"ማን ነው ሞቷል ያለው?"

"እኔ ነኝ እማማ" አለች አጅዋንግ። "መስከረም ላይ መጥቼ ነበር። አልነበራችሁም። ኦዱንዶን ብጠይቀው ሞቷል፣ እኔ ነኝ የቀበርኩት አለኝ። ሕፃኑ መስሎኝ ጻፍኩ።"

ኦቹዶ ሳቁን ለመደበቅ መዝገቡ ውስጥ ገባ። ዶርሲላ ግን አልሳቀችም።

"እና የኔ ቤት ሕፃን ሞተ ብለሽ አምነሽ፣ ለቅሶ ሳትደርሺኝ ቀረሽ?"

ከሁሉም ነገር፣ ከፊርማውም ከበላዩም በላይ፣ አጅዋንግን የወጋት ይኼ ነው። ኛንዱሳ ውስጥ ለጠላት እንኳን ለቅሶ ይደረሳል። እሷ ግን የሕፃን ሞት ሰምታ አጥር ላይ ተደግፋ መስመር ዘግታ፣ ቀለል ብሏት ሄዳለች።

"ቀረሁ" አለች። "ደክሞኝ ነበር እማማ። ሌላ ምክንያት የለኝም።"

ዶርሲላ የአጅዋንግን አቧራ የጠጣ ጫማ አየች። "ስንት ቤት ነው ያለብሽ?"

"ማዶው ሲጨመር ሁለት መቶ አንድ።"

"ለሁለት መቶ ቤት ለቅሶ የሚደርስ እግር መልአክም የለው። የሰጡሽ ሰዎች ራሳቸው አንድ ቤት አይደርሱም።" ወደ ኦቹዶ ዞረች። "አንተ፣ ጻፍ። ኦጎላ በል፣ ሴት በል። ሞቷል የሚለውን ደግሞ አትሰርዘው፤ ኦዱንዶ አልዋሸም፣ ኦጎላ ከሞተ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ባይሞት ስሙን ለማን ይሰጥ ነበር?" ከዚያ ወደ አጅዋንግ። "አንቺ ግን የቀረሽውን ለቅሶ ትደርሻለሽ። ነገ።"

ኦቹዶ በማተሚያ መሳይ ጽሕፈቱ በአርባኛው መስመር ላይ ጻፈ፤ "ኦጎላ። ሴት። ቀደም ሲል በስሕተት የሞተች።" አጅዋንግ ከሥሩ ፈረመች።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ ጠዋት አሥራ አራት ቤት ዞራ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር ገዝታ ወንዙን ተሻገረች። ደንቡ ደንብ ነው፤ ለቅሶ የሚደርስ ሰው ከሩቁ እየጮኸ ይገባል እንጂ እንደ ሳሙና ሻጭ በር አያንኳኳም። ሰደርያዋን አውልቃ፣ ሻርፗን ወገቧ ላይ አስራ፣ "ውይ ኦጎላ! ውይ ኦጎላ!" እያለች ግቢውን ገባች።

አባባ ኦዱንዶ ከማንጎው ጥላ ሥር ተፈናጥሮ ተነሣ። "ማን ሞተ? ማን ሞተ?"

"ኦጎላ!"

"ነግሬሽ ነበር እኮ!" አለ ኦዱንዶ፣ ተመልሶ እየተቀመጠ።

ከቤቱ በስተግራ ሣር የወረሰው አሮጌ መቃብር አለ፤ ፍየሏ አሁን ራቅ ብላ ታስራለች። አጅዋንግ አጠገቡ ተቀምጣ ለሥርዓቱ ያህል ጥቂት ልታለቅስ አሰበች። ጀመረች። አይታው የማታውቀውን ግትር ዓሣ አጥማጅ እያነሳች ስታለቅስ፣ ሳታስበው እናቷ ግቢ ካሉት ሦስት ጉብታዎች ደረሰች፤ ከዚያ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በስማቸው ላይ መስመር ካሰመረችባቸው ሁለት ልጆች፤ ከዚያ ከጉልበቷ፤ ከዚያ ነገ ካሉት አሥራ ስድስት ቤቶች። ማቆም አቃታት። ሊኔት ውኃ አመጣች፤ እምቢ አለች። ትንሿ ኦጎላ፣ ዛሬ ጠዋት የመጀመሪያዋን እንክብል በማንኪያ ውኃ ሟሙቶላት ፊቷን አጨማድዳ የጠጣችው፣ ያላበጠውን እጇን አፏ ውስጥ ከታ አልቃሿን ትልቅ ሴት በመገረም ታያለች።

ዶርሲላ ትንሽ ቆማ አየች። ለቅሶው ሲበረታ ጊዜ ከአጅዋንግ አጠገብ ሣሩ ላይ ተቀመጠችና፣ ጀርባዋን እየዳበሰች፣ በዚያ ሕፃን በምታባብልበት ድምፅ ጀመረች።

"ማነሽ አንቺ? ኛሱና ነሽ? …አይደለችም። አዴሮ? …አይደለችም። አቦኞ? አቲጎ?"

እያለች እያለች የኡዮማን ሙታን ስለማታውቅ የራሷን ቤት ሙታን ከነልጅ ልጆቻቸው ጨረሰች፤ ከዚያ የኦዱንዶን ቤት ሙታን ጀመረች፤ ኦዱንዶም ከአጥሩ ማዶ የረሳቻቸውን ያስታውሳት ነበር። በየትኛው ስም ላይ እንደሆነ አልታወቀም፣ አጅዋንግ ዝም አለች። ዶርሲላ "ተገኘ!" ብላ ፊቷን ልታይ ጎንበስ ስትል፣ አጅዋንግ ጭንቅላቷን የኦጎላ መቃብር ላይ ጥላ እንቅልፍ ወስዷታል።

ዶርሲላ ሰማያዊውን ሰደርያ አንሥታ አለበሰቻትና፣ "ዝም በሉ" አለች ለሙታኑም ለኦዱንዶም። "ማንም ሆነ ማን፣ ትንሽ ይረፍ።"